የተለማማጁን ደብተር ማን ያነበዋል?

ሰኔ ሲጋመስ ሰንጋ ተራ ያሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ባንዱ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ ባለች አግዳሚ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ደብተር ዘርግተዋል። እሷ ከስልኳ ታነባለች፤ እሱ ይጽፋል። መሀላቸው ሦስት እስክሪብቶ አለ፣ ሁለት ሰማያዊና አንድ ጥቁር።

«ሐሙስን በጥቁሩ አድርገው» ትለዋለች። «ሁሉም ባንድ ቀለም ከሆነ ያስታውቃል።»

ሐሙስ የተባለው ቀን ካለፈ ሳምንታት ተቆጥረዋል። ልጁ የሚቀያይረው ቀለም ብቻ አይደለም፤ የእጅ ጽሑፉንም አንዳንዴ ጋደል፣ አንዳንዴ ቀጥ ያደርገዋል። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ ሆን ብሎ አንድ ቃል ሰረዘና ከላዩ አስተካክሎ ጻፈ። በዕለቱ የተጻፈ ደብተር ስርዝ ድልዝ አያጣውማ።

የሚሞሉት ሎግቡክ ነው። ከኮሌጅ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ለሥራ ልምምድ የወጣ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው፣ በሠንጠረዥ የተከፋፈለ ደብተር። መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ የተሠራው ሥራ፣ ቀጥሎ የተገኘው ዕውቀት፣ መጨረሻ ላይ የተቆጣጣሪ ፊርማ። ሥራው የሚለው ዓምድ ብዙም አያስቸግርም፤ «ፋይል አስተካከልኩ»፣ «ፎርም ሞላሁ»፣ «ደንበኛ አስተናገድኩ» እያሉ መሄድ ነው። ጭንቁ ያለው ዕውቀት የሚለው ዓምድ ላይ ነው። እዚያ ሲደርሱ ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ ልጅቷ «ስለ ፋይል አያያዝ በቂ ግንዛቤ አግኝቻለሁ በል» አለችው። እሱም በእንግሊዝኛ እንደዚያው ጻፈ። በማግስቱ ቀን ላይም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ገልበጥ አድርጎ ደገመው።

ሰነፎች ናቸው ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን እንደዚያ ለማለት አልደፍርም። ደብተሩ እውነተኛ እንዲመስል ያፈሰሱትን ብልሃት ላየ፣ እነዚህ ልጆች የሚጎድላቸው ትጋት አይደለም። ደብተሩን ከፍቶ የሚያነበው ሰው እንደሌለ ያውቃሉ፤ የሚፈለገው ፊርማና ክብ ማኅተም ነው። ለማኅተም የሚጻፍ ነገር ደግሞ ለማኅተም በሚበቃው ልክ ይጻፋል።

ልምምዱ እንደየትምህርት ቤቱ ብዙ መጠሪያ አለው። ዩኒቨርሲቲ ያሉት ኢንተርንሺፕ፣ ቴክኒክና ሙያ ያሉት አፓረንት፣ የጤና ተማሪዎች አታችመንት፣ መምህራን ኮሌጅ ያሉት ፕራክቲከም ይሉታል። የምህንድስና ተማሪ ለዚሁ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ይለቀቅለታል። በቴክኒክና ሙያ ደግሞ ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ይሁን የሚለው መመሪያ ዓመታትን ያስቆጠረ ነው፤ የትብብር ሥልጠና የሚባለው አሠራር ኮሌጁና ድርጅቱ ሠልጣኙን ተጋርተው እንዲያሠለጥኑ የታሰበ ነው። በወረቀት ላይ ሐሳቡ እንከን የለውም። ትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ያስተምራል፣ መሥሪያ ቤቱ እጅ ያስፈታል፣ ሎግቡኩ ሁለቱን ያገናኛል።

ይህ ሐሳብ የት ቦታ ይሠምራል ቢባል ከሰንጋ ተራ የተሻለ ሰፈር ለማግኘት ያስቸግራል። ስሙን ያገኘው ሰንጋ ይሸጥበት ከነበረው ገበያ ነው። ያ ገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ ከእሱ በኋላ የነበሩት የቆርቆሮ ጣሪያ ቤቶችም ፈርሰው ቦታቸውን ለባንክ ሕንፃዎች ለቀዋል። ኅብረት፣ ንብ፣ ዘመን ዋና መሥሪያ ቤቶቻቸውን አቁመውበታል። ከሁሉም በላይ የሚታየው የካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 209 ሜትር ከፍታ ያለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ነው። እዚያው ሰፈር ደግሞ ኮሜርስ አለ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ይህ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ከጣሊያን ወረራ ማግሥት እንደገና ለሚቋቋሙት መሥሪያ ቤቶች ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ የሚያወጣ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። በአንድ ዓመት የሚቀድመው ተግባረ እድ ሜክሲኮ ጋ ነው፤ ባቡሩም በስሙ ፌርማታ ሰጥቶታል። ከትምህርት ቤቱ በር እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ታክሲ እንኳን የማያስፈልግበት ሰፈር ነው። በሁለቱ መሀል ያለውን ርቀት የሚለካው ግን መንገዱ አይደለም።

አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ እንግባ። ተለማማጁ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሸሚዙን ተኩሶ ይደርሳል። የሚቀመጥበት ወንበር የለም። አንድ ሰው «እስኪ ና፣ እነዚህን በቀን አስተካክልልኝ» ብሎ የትናንት ቮቸር ክምር ይሰጠዋል። ገቢ ለብቻ፣ ወጪ ለብቻ፣ ማስተላለፊያ ለብቻ። በቁጥር ተራ ይደረደራል፣ ይበሳል፣ ይታሰራል። ሳምንቱ እንደዚህ ያልፋል፤ ቀጣዩም። የተለማማጆች ሁሉ አቤቱታ አንድ ነው፦ «ፋይል ብቻ አሠሩን።»

እዚህ ላይ ወደ ላይቤሪያ ልሻገር። ዣን ሌቭ የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሞንሮቪያ ውስጥ የልብስ ሰፊዎችን ሠፈር ስታጠና አንድ የሚያስደንቅ ነገር አስተዋለች። ልጆቹ ሙያውን የሚማሩት ሱሪ በሚሠራበት ቅደም ተከተል አልነበረም። ሱሪ ሲሠራ መጀመሪያ ጨርቁ ይቆረጣል፣ ከዚያ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ቁልፍ ይተከላል፣ ጠርዙ ይታጠፋል። ልጁ ግን የሚጀምረው ከቁልፉና ከጠርዙ ነው፤ ከዚያ ወደ ስፌቱ ይመለሳል፤ መቀስ የሚጨብጠው ከሁሉም በኋላ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቁልፍ ተጣሞ ቢተከል ይነቀላል፣ ጨርቅ ተጣሞ ከተቆረጠ ግን የሚከስረው ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ ያለቀለትን ልብስ ደጋግሞ ያገላበጠ ልጅ፣ ምን ከምን ጋር እንደሚገጥም መቀስ ከመያዙ በፊት አውቆታል። እ.ኤ.አ. በ1991 ከኤቲየን ዌንገር ጋር ያሳተመችው መጽሐፍ ከዚህ ዓይነቱ ምልከታ የተነሣ ነው፤ ዛሬ ስለ ሥራ ላይ ትምህርት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይጠቅሰዋል።

በዚህ ዓይን ሲታይ ቮቸር መደርደር ቁልፍ መትከል ነው። ቮቸር የአንድ ሥራ ማለቂያ ነው፤ ደንበኛው ሄዷል፣ ገንዘቡ ተቆጥሯል፣ ሁለት ሰው ፈርሟል፣ ሒሳቡ ገብቷል። አንድ ቮቸር አንስቶ ይህ ፊርማ የማን ነው፣ ይህ ማኅተም ለምን እዚህ ወረደ፣ ይህኛው ላይ ለምን ሦስተኛ ፊርማ ተጨመረ ብሎ የጠየቀ ልጅ ባንኩን ከጫፉ ይዞ እየጎተተው ነው። ስለዚህ ፋይል ማሠራቱ ራሱ ጥፋት አይመስለኝም። ጥፋቱ እዚያው ማስቀረት ነው። የሞንሮቪያው ልጅ ከቁልፍ ወደ ስፌት፣ ከስፌት ወደ መቀስ ይሻገራል። የእኛው ልጅ ቁልፍ ሲተክል ሁለት ወሩ ያልቃል፣ ወረቀቱም ይታተምለታል።

ጥያቄዎቹን ደግሞ የሚጽፍበት ቦታ የለውም። በሎግቡኩ ሠንጠረዥ ውስጥ «ያልገባኝ» የሚል ዓምድ የለማ።

ሲጻፍ ምን እንደሚሆን ለማየት አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ። አንድ ቅርንጫፍ ውስጥ አንዲት ተለማማጅ ከተለመደው ሎግቡክ ሌላ፣ ለራሷ በስልኳ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» ላይ ማስታወሻ ትይዝ ነበር። አንድ ቀን ማምሻውን ካሽ አልገጥም አለ። ቴለሩ ጠዋት የተረከበው ላይ ገቢው ተደምሮ፣ ወጪው ተቀንሶ፣ እጁ ላይ ካለው ጋር እኩል መምጣት አለበት። 900 ብር ሾርት ወጣ። ሾርት የወጣበት ቴለር ከኪሱ እንደሚሞላ የማያውቅ የባንክ ሠራተኛ የለም፤ ስለዚህ ፊቱ ተለዋወጠ። ይህኔ በዕድሜ ገፋ ያለች ሱፐርቫይዘር መጣችና ልዩነቱን ብቻ ጠየቀች። «900? ለ9 ይካፈላል። ቁጥር ገልብጠሃል፤ ቮቸሮቹን እይ።» አየ። 4,500 ከፍሎ 5,400 ብሎ መዝግቦ ቢሆን ትርፍ ይወጣበት ነበር፤ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ 5,400 ከፍሎ 4,500 ብሎ ነው የመዘገበው።

ያን ዕለት ማታ ልጅቷ የጻፈችው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሾርት ሲወጣ መጀመሪያ ልዩነቱን ለ9 አካፍል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ተገለባብጠው ሊሆን ይችላል። ለምን 9?» ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብላ ስትሞክረው ቆየች። 54 ሲቀነስ 45፣ 9። 72 ሲቀነስ 27፣ 45። 81 ሲቀነስ 18፣ 63። ቀጥሎ ለምን እንደሆነ ገባት፤ የአሥር ቤቱ አሃዝና የአንድ ቤቱ አሃዝ ቦታ ሲለዋወጡ፣ አንዱ በአሥር የተባዛው ወደ አንድ ይወርዳል፣ ሌላው በአንድ የነበረው በአሥር ይባዛል፤ ልዩነቱ ሁልጊዜ የሁለቱ አሃዞች ልዩነት 9 እጥፍ ነው። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አስከተለች፦ «ለ2 ቢካፈልስ?» በማግስቱ ሱፐርቫይዘሯን ጠየቀቻት፤ ዴቢት መሆን ያለበት ክሬዲት ተብሎ ከገባ ልዩነቱ የገንዘቡ እጥፍ ስለሚሆን፣ ግማሹን ቮቸር ውስጥ ፈልጊ አለቻት።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም፤ የድሮ ሒሳብ ያዦች ሁሉ ያውቁታል። ግን ያችን ልጅ ባንክ ውስጥ ያስተማራት የትኛውም ፎርም አይደለም። አንድ ችግር፣ አንድ የሚያውቅ ሰው፣ አንድ ማታ የተጻፈ ማስታወሻ ናቸው። በይፋዊው ሎግቡኳ ላይ የዚያን ቀን ሥራ ምን ብላ እንደመዘገበች ጠይቄያት ነበር። «ካሽ ባላንስ ሲደረግ ተመለከትኩ» ይላል፤ ከዚያ ፊርማ።

ማታ ማታ የመጻፉ ጥቅም በሙከራም ታይቷል። ጃዳ ዲ ስቴፋኖ፣ ፍራንቼስካ ጂኖ፣ ጋሪ ፒሳኖና ብራድሊ ስታትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ባንጋሎር ከተማ፣ ዊፕሮ በተባለው የሕንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ውስጥ አዲስ ሠልጣኞችን በቡድን ከፋፈሉ። አንደኛው ቡድን የዕለቱ ሥልጠና ሲያልቅ የመጨረሻዋን 15 ደቂቃ ስለተማረው ነገር ይጽፋል፤ ሌላው በዚያችው ደቂቃ ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ለ10 ቀን ተደረገ። በመጨረሻው ፈተና የጻፉት ከሌሎቹ በ23 በመቶ ገደማ በልጠው ተገኙ። ያስገረመኝ ውጤቱ አይደለም፤ የጻፉት ልጆች ሥራ ላይ የቆዩት ባነሰ ሰዓት መሆኑ ነው። አለቃ ሁሉ «ጊዜ የለንም» ሲል ይህን ቁጥር ማየት አለበት።

እኛ አገርም ጽሑፍን ከሥራ ላይ ትምህርት ጋር ለማጣመር የተሞከረው በሎግቡክ ብቻ አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚወስዱት ኤችዲፒ የተባለ ፕሮግራም አለ። መምህሩ እያስተማረ ስለ ማስተማሩ እንዲጽፍ፣ ክፍል ውስጥ ያየውን ችግር እንዲያጠና፣ ሁሉንም በፖርትፎሊዮ እንዲያደራጅ ይጠይቃል። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራንም ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ አለባቸው፤ በዓመት 60 ሰዓት የተመደበለት፣ ጀማሪ መምህር ደግሞ ሁለት ዓመት ከአማካሪ ጋር የሚያልፍበት። መምህር ጓደኛ ያለው ሰው ስለዚህ ነገር ጠይቆ የሚሰማው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ስለ ፋይሉ ውፍረት ያወራለታል። ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ በጽሑፉ ላይ ከመወያየት ይልቅ ጽሑፉ መኖሩን መቆጣጠር ሲቀድም፣ የሰንጋ ተራው ሦስት እስክሪብቶ እዚያም ይደርሳል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የማይል ኢትዮጵያዊ የለም። አነጋገሩን ብንወደውም ልማዱን ግን አላዳበርነውም። የመሥሪያ ቤት ዕውቀታችን የሚኖረው በሰው ጭንቅላት ነው፤ ሰውየው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሌላ ባንክ ሲቀጠር አብሮት ይወጣል። ለየት ያሉ ሰዎች አልጠፉም። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» የመሬት ሥሪቱን፣ የግብሩን፣ የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ዝርዝር አሠራር ባይመዘግብ ኖሮ፣ ዛሬ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አስተዳደር የሚያጠና ሰው ስንቱን ነገር በግምት በሞላው ነበር። እሳቸው ታሪክን በጦርነትና በድል ብቻ ሳይፈልጉ፣ ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር ጻፉ። አንድ ተለማማጅ ልጅ «ዝክረ ነገር» ይጻፍ እያልኩ አይደለም። ግን የዝርዝር ክብር ከዚያ ይጀምራል።

አሁን ወደ እንቅፋቶቹ። የመጀመሪያው ቋንቋው ነው። ሎግቡኩ በእንግሊዝኛ ይሞላል፤ ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ የሰማው፣ የጠየቀው፣ የተገሠጸው በአማርኛ ነው። ያን ሁሉ ማታ ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞር የሚተርፈው ያው ከጓደኛው የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ነው። ለሪፖርቱ እንግሊዝኛ ያስፈልግ ይሆናል፤ ለማስታወሻው ግን ልጁ የሚያስብበት ቋንቋ፣ አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ፣ ሊፈቀድለት ይገባል። ቴለሮቹ እንደሚናገሩት «ሾርት»፣ «ኦቨር»፣ «ሲፒኦ» እያለ ቢቀላቅልም ምንም አይደለም፤ የሥራው ቋንቋ እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው ተቆጣጣሪው ነው። በእሱ ወገንም ሆኖ ማየት ይገባል። መስኮቱ ፊት ሃያ ሰው ተሰልፏል፣ ሲስተም ይቆራረጣል፣ ማናጀሩ ተቀማጭ አምጡ እያለ ያስጨንቃል። በዚህ መሀል ሦስት ተለማማጅ ይመደብለታል። ለማስተማሩ የሚታሰብለት ክፍያ የለም፣ በሥራ አፈጻጸም ምዘናውም ላይ አይቆጠርለትም። አርብ ማታ አምስት ገጽ ሲቀርብለት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ይፈርማል። ማን ይፈርድበታል?

ሦስተኛው ምስጢር ነው። የደንበኛ ስም፣ የሒሳብ ቁጥር፣ የብር መጠን ከባንኩ መውጣት የለበትም፤ ይህ ቀልድ አይደለም። ብዙ ቅርንጫፎች በዚህ ፍራቻ ተለማማጁ ምንም እንዳይጽፍ ይመርጣሉ። ይሁን እንጂ ከላይ ያየነው የ9 ዘዴ የማንንም ስም አይፈልግም። የሚጻፈው የሰው ገንዘብ ሳይሆን የሥራው አካሄድ ነው።

የ9ን ዘዴ ያስተማረችው ሱፐርቫይዘር የልጅቷን የስልክ ማስታወሻ ካየች በኋላ ለቀጣዮቹ ተለማማጆች የ50 ገጽ ደብተር ገዛችላቸው። ሠንጠረዥ የለውም። በየቀኑ ሦስት ነገር ይጻፋል፤ ዛሬ ምን ሠራሁ፣ ምን አልገባኝም፣ ማንን ጠየቅሁ። ስም፣ ሒሳብ ቁጥርና መጠን መጻፍ ክልክል መሆኑ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ማክሰኞና አርብ፣ ካሽ ከተዘጋ በኋላ፣ ደብተሮቹን ትሰበስብና በቀይ እስክሪብቶ ትመልሳለች። መልሱ አንዳንዴ አንድ መስመር ነው፤ አንዳንዴ «ነገ ጠዋት ካዝና ሲከፈት ከእኔ ጋር ቁም» የሚል ነው። ልምምዱ ሲያልቅ ደብተሩ ቅርንጫፉ ውስጥ ይቀራል፤ የሚመጣው ልጅ የመጀመሪያ ሥራው ያለፈውን ልጅ ደብተር ማንበብ ነው። ኮሌጁ የሚቀበለው ግን ይህን አይደለም፤ የታተመውን ሎግቡክ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ሁለቱንም ይጽፋሉ።

ከደብተሮቹ አንዱን አገላብጬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ ቀላል ነው፦ የተቀደደ ብር ምን ይደረጋል፣ ፊርማው ትንሽ የተለየ ደንበኛ ሲመጣ ምን ይባላል። አንዱ ገጽ ላይ ግን አንድ ልጅ ስለ ሜከርና ቼከር ጽፏል። አንዱ ሠራተኛ ይመዘግባል፣ ሌላው አይቶ ያጸድቃል፤ ባንክ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ገንዘብ እንዳያንቀሳቅስ የሚያደርገው ይህ አሠራር ነው። ልጁ ያልገባውን እንዲህ አስቀምጦታል፦ «ሰልፉ ሲረዝም ቼከሩ ሳያይ ሲያጸድቅ አየሁ። ሁለት ሰው የሚፈርመው ሁለተኛው እንዲያይ ከሆነ፣ ሳያይ የፈረመው ፊርማ ምን ይባላል? ችግር ቢመጣ የሚጠየቀው ማን ነው?»

ከሥሩ በቀይ «የሚጠየቁት ሁለቱም ናቸው። ጥያቄህን ለማናጀሩ አሳይቼዋለሁ» የሚል አለ። ማናጀሩ ደብተሩን ሁለት ቀን ይዞት ቆየ። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ፣ ልጁን ሳይጠቅስ፣ ጥያቄውን ከነቃሉ ለሠራተኛው አነበበው።